ሳይሰናበት የሄደው መንገደኛ

«ኧረ ሞቼ ልጨርስ! ሦስተኛ ጊዜ ተቋረጥኩ እኮ» አለ ሮቤል፣ ድምፁ ሻክሮ።

ያቋረጠው ሰው አልነበረም፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ሮቤልና ዓቢዳ መርሳ ውስጥ፣ በሮቤል አባት የመለዋወጫ ሱቅ ጓዳ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ላብ በላብ ሆነው ከሰዓቱን ሙሉ ሲቀዱ ውለዋል። ለትምህርት ቤቶች ውድድር አልበም እያዘጋጁ ነው፤ ሰባት ዘፈን፣ አንድ ታሪክ። አንድ ሰው ይሞትና ወደ ወዲያኛው ዓለም ይጓዛል። አልበሙ የሚጫንበትን ፍላሽ ነገ ጠዋት ሹፌር ወልድያ ያደርሰዋል።

ሁለቱ የስምንተኛ ክፍል ሊቃውንት እንዲህ ያለ ታሪክ ምን ምን እንደሚፈልግ ተከራክረው ጨርሰዋል። መንገድ መሪ ያስፈልጋል፤ የሚኒባስ ረዳት አደረጉት። ወንዝ ያስፈልጋል፣ ሚዛን ያስፈልጋል፣ በር ያስፈልጋል። ከበሩ በኋላ ያለውን ግን ላለመዝፈን ተስማምተዋል፤ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ባንድ ጊዜ ማስቀየም ለሁለት ሰው ይበዛል።

ዓቢዳ እግሯን እየጎተተች ወጣች። «ሐጂ፣ አንድ አምስት ደቂቃ ቢያቆሙልን?»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሐጂ አብዱልሐሊም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «እናንተን ስሰማ ሁለት ሱሪ አበላሸሁ። ነይ እስቲ፣ ይኼ ሰውዬ እንዴት ነው ዝም ብሎ የሚሄደው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሟቹ ነዋ! ብድግ አለ፣ ተሳፈረ። አፉ በሉኝ ሳይል? እኔ ለሐጅ ስነሳ ያስቀየምኩትን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ ይቅር በሉኝ ብያለሁ። ያውም ልመለስ! እሱ እኮ ለአኼራ ነው የሚሄደው።»

ሮቤል በበሩ ብቅ አለ። «እውነታቸውን ነው፣ መጀመሪያው ይጎድላል። አንቺ በይው፤ የእኔ ጉሮሮ አልቋል። ዜማም አያስፈልገው፣ በንግግር ብቻ።»

ዓቢዳ የሚቀዱበት ስልክ ፊት ተቀመጠች። የስፌት መኪናው ጸጥ አለ።

«ያስቀየምኩት ሰው ካለ...» አለችና ቆመች።

እንደገና። «ያስቀየምኩት ሰው...»

«ሁለት ቃል ነው እኮ የቀረሽ!» አለ ሮቤል።

ዐይኗ የዘፈኖቹ ዝርዝር ላይ ነበር። አራተኛው የወንዙ ዘፈን ነው፤ ከጎኑ «ግጥም፦ ዓቢዳ» ይላል።

ውሃው ሞልቶ ሳለ፣ ድልድዩ ተሰብሮ፣
በስሜ የሚጠራኝ፣ ማነው ማዶ አድሮ።

ይህን ያለችው የቡድናቸው ሦስተኛ የነበረችው ፋንቱ ናት፤ ወንዝ ዳር አብረው ልብስ ሲያጥቡ፣ እንደ ቀልድ። መምህርት ፀዳለ ዓቢዳ የገለበጠችበትን ወረቀት አንብበው «ይህቺን የጻፈች እጅ ትባረክ» ሲሉ ፋንቱ ከእናቷ ጋር ገበያ ነበረች። ዓቢዳ ፈገግ ብላ ዝም አለች። በኋላ ግጥሙ በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ በዓቢዳ ስም ሲነበብ ፋንቱ ሰማች። አልተጣላችም። «ሥራ በዝቶብኛል» ብላ ከቡድኑ ቀረች እንጂ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ዓቢዳን በእንቅልፏም አያሳርፋትም።

እስክሪብቶ አንስታ ስሟን ሰረዘች። ከላዩ «ፋንቱ» ብላ ጻፈች።

ሮቤል አነበበው። «ታዲያ ይኼን ያህል ጊዜ...»

«አዎ። ካልፈቀደች አይላክም።»

«እምቢ ብትልስ? ወንዝ የሌለው መንገድ ሊሆን ነው!»

«ይሆናላ።» ነጠላዋን አንስታ ተነሳች።

«ሳልቀበር ጥለሽኝ ልትሄጂ?» አለ ሮቤል፤ ሊያስቃት ነበር፣ እሱም ራሱ አልሳቀም።

በሐጂ በር ስታልፍ ቀና ብለው አዩዋት። የስፌት መኪናውን መልሰው አስነሱት።

ገበያው እየተበተነ ነበር። ፋንቱ የተረፈውን ቲማቲም እየለቀመች ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ዓቢዳን ስታይ ሰላምታም ሳትጨምር «በዚያ በኩል ያዢልኝ፣ ወገቤ ተቆርጧል» አለቻት።

ዓቢዳ ጎንበስ አለች። ሳጥኑን ግን አላነሳችም።

«እይዝልሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን... ፋንቱ፣ አፉ በይኝ።»

ፋንቱ እጇ ላይ የነበረውን ቲማቲም መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ የሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ዓቢዳም እንድትቀመጥ ትንሽ ጠጋ አለችላት።