አንተን ከየት እቀዳለሁ?

በያጁን ያወቅሁት የሠራሁትን የውሃ ማጣሪያ በብረት ዘንግ ሲያደቅቀው ነው። እሱ በሚኖርበት ሰፈር የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆሜ ነበር። ስባሪው ግንባሬን ሰነጠቀኝ፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ውሃችን ውስጥ ጥቁር ዱቄት የምትጨምሪው አንቺ ነሽ? የእህቴ ልጅ ተንዘፍዝፋ ወደቀች።»

«የጣላት ዱቄቱ አይደለም» አልኩት ደሜን በእጅጌዬ እየጠረግሁ። «እርሳስ ነው። አሮጌ ባትሪ ከሚያቀልጠው ፋብሪካ ወደ ጉድጓዳችሁ ይሰርጋል። ዱቄቱ ናኖ ይባላል፤ ከመድቀቁ የተነሳ አንዷ ቅንጣት በዓይን አትታይም። እርሳሱን ለቅሞ የሚያስቀረው እሱ ነው።»

አላመነኝም። ላብራቶሪዬ ወስጄ ውሃውን ሳይጣራና ተጣርቶ መረመርኩለት። ሁለቱን ውጤቶች ደጋግሞ አነበበና አንገቱን ደፋ።

«እጄን በቆረጠው...»

«እጅህ ከተቆረጠ ማን ይበይድልኛል?»

በሳምንቱ የብረት ማጣሪያ ሠርቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጣል። ስለ ማጣሪያው ጠይቆ ሲጨርስ ስለ እኔ ይጠይቃል። ወደድኩት።

ፋብሪካውን የሚያጋልጠውን ውጤት ለፍርድ ቤት ላስገባ ስል፣ በጠራራ ፀሐይ የፋብሪካው አራት ጉልበተኞች እኔና በያጁ ወዳለንበት ብየዳ ቤት ገቡ። ክንዱን በመዶሻ መቱት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። አንደኛው ፀጉሩን ጨምድዶ ቢላ አንገቱ ላይ አሳረፈ።

«ወረቀቱን አምጪ» አለኝ።

«እንዳትሰጪ» አለ በያጁ።

ቢላው ቆዳውን ሲበሳ ወረቀቱንም ላፕቶፔንም ሰጠኋቸው።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የእህቴን ልጅ ሸጥሻት። የሰፈሩ ሰዎች ከፋብሪካው ጋር ተስማምታለች ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ሂጂ።»

ሄድኩ። ግን ወደ ጉድጓዶቹ ነው የሄድኩት። ፋብሪካው ዙሪያ ካሉት ከአሥራ አንዱም ጉድጓዶች ውሃ ቀድቼ ምርመራውን ከሀ ጀመርኩ። አንድ ቀን እነዚያው ጉልበተኞች መንገድ ላይ ጠብቀው በእርግጫ የጎን አጥንቴን ሰበሩኝ። ጎኔን በፋሻ አስሬ ውጤቱን ፍርድ ቤት አስገባሁ። በሳምንቱ ፋብሪካው በእግድ ተዘጋ፤ አራቱም ታሰሩ።

ይህን የነገረችው እህቱ ናት። በማግስቱ ክንዱን በጀሶ አስሮ ደጄ ላይ ቆመ።

«ያን ቀን ለምን ሰጠሻቸው?»

«ውሃው እዚያው ነው፤ ወረቀት እንደገና ይጻፋል። አንተን ግን ከየትኛው ጉድጓድ እቀዳለሁ?»

ደፉን ተሻግሮ ወደ እኔ ቀረበ።

«አግቢኝ» አለ።

«መጀመሪያ ክንድህ ይዳን።»

«ክንዴ ምን አገባው?»

ሳቅኩ። ስስቅ ጎኔን እንደ እሳት ለበለበኝ። በደህና እጁ ጥብቅ አድርጎ አቀፈኝ፤ እቅፉም አመመኝ። ቀስ በል ግን አላልኩትም።