የኦሊ አምስተኛ ቀን

ይህ በእውነት የሆነ ነው። የደረሰባት ሻሽቱ ዛሬም መቱ ትኖራለች።

ባለፈው ክረምት... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከመቱ ራቅ ያለ ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅር፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል።

የበኩር ልጇ ኦሊ ከተወለደ አምስተኛ ቀኑ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ። ከዚያ አተኮሰው።

"ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል" አለች ነርሷ ዲሪቤ። ደም ወስዳ መርፌ ጀመረችለት።

በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ።

"ተሻለው!" አለች ሻሽቱ።

ዲሪቤ እግሩን ዳበሰች።

እግሩ በረዶ ነበር።

ቀጥሎ ማልቀስ ተወ። ቆዳው ተዥጎረጎረ። ትንፋሹ ቀጥ ይላል... ሻሽቱ እስከ ስምንት ትቆጥራለች... ይመለሳል።

መድኃኒት ቀየሩለት። ምንም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተር ቀነዓ የደም ምርመራውን ውጤት ይዞ ገባ። አይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

"ምን ይላል?" አለች ሻሽቱ በሹክሹክታ።

"ተሕዋሲው... መድኃኒቶቹን ተላምዷቸዋል።"

"ሁሉንም?"

"አንድ ቀርቷል። እኛ ጋ ግን የለም።"

ባሏ ነመራ ማዘዣውን ይዞ ወደ መቱ በረረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ።

"ሻሼ! አገኘሁት! እየመጣሁ ነው!"

ሻሽቱ አይኗ የኦሊ ደረት ላይ ነው። እየቆጠረች ነበር።

ስምንት... ዘጠኝ... አሥራ አምስት...

"ሻሼ? ትሰሚኛለሽ?"

ሠላሳ...

ዲሪቤ ሮጣ መጣች። ብዙ ታገለች። በመጨረሻ ጓንቷን አወለቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ነመራና ወንድሞቹ ሊቀብሩት ይዘውት ቀደሙ። ሻሽቱ ከእህቷ ከጊፍቲ ጋር በሚኒባስ ተከተለች። ኦሊ ተጠቅልሎበት የነበረውን ጋቢ ባዶውን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

መንገድ ላይ አንዲት የማያውቋት አሮጊት ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወደ ሻሽቱ ጎንበስ አለች።

"ልጄ፣ መስኮቱን ዝጊው... ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው።"

ጊፍቲ ደነገጠች።

"እማማ፣ እኛ እኮ ሕፃን አል..."

አልጨረሰችውም።

የጋቢው ጠርዝ ከውስጥ ተገፋ። አንዴ... ሁለቴ... እንደሚፈራገጥ ልጅ።

ሻሽቱ አልጮኸችም። ጋቢውን ገልጣም አላየችም።

ቀስ ብላ... መስኮቱን ዘጋችው።