ከዘጠነኛው ሥዕል በኋላ

አምሳለ ከቤት የምትወጣው ቀለም ሲያልቅ ብቻ ነበር። ከጎፋ ተነስታ መርካቶ ትሄዳለች፣ ቀለሙንና ኮላውን ትገዛለች፣ ሳትውል ትመለሳለች። ገና መንገድ ላይ ሳለች ስልኳ ይጮኻል።

«የት ደረስሽ?» ይላሉ አባቷ።

«ሜክሲኮ ነኝ አባዬ። እየመጣሁ ነው።»

«ሰማያዊውን አገኘሽ?»

«አግኝቻለሁ።»

«እንግዲያው ቶሎ ነይ።»

አባቷ አለቃ ገሠሠ ስመ ጥር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። በሸራ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ሥዕሎቻቸው በጎፋም በነፋስ ስልክም ይታወቃሉ። ግን አለቃ ማየት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። የዓይን ግፊት መጀመሪያ ዳር ዳሩን ወሰደባቸው፣ ቀጥሎ መሐሉን። አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን የምታውቀው አንዲት ልጃቸው አምሳለ ብቻ ናት።

እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ እሷ ትሥላለች። ሰው ሲመጣ የሥራ ክፍሉ በር ይዘጋል። ከደብር ሲጠሯቸው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለው ይሄዳሉ። «ጉልበቴን ነው» ይላሉ። ጥቁሩን መነጽር ደግሞ «ፀሐይ ይወጋኛል» ብለው ያደርጉታል። አባትና ልጅ ነገሩን አንድም ቀን በአፋቸው አንስተውት አያውቁም። እንዲያው እንደዋዛ ተጀመረ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጡበት መንገድ ጠፋ።

አንድ ጠዋት አምሳለ የቀለም ሱቁን ተዘግቶ አገኘችው። ወደ ቤት መመለስ ነበረባት። እሷ ግን የለቡ ታክሲ ውስጥ ገባች።

ከለቡ መብራት ኃይል አለፍ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። በዓመት አንድ ጊዜ ምዕመናን ከየአቅጣጫው በእግራቸው እየዘመሩ ሊሳለሟት ይመጣሉ። በሌላው ቀን ጭር ያለች ናት። አምሳለ ጉልላቷን ከሩቅ ስታይ ኖራለች፤ ውስጧ ስላሉት ባለቀለም መስታወቶችና ሥዕሎችም ሰምታለች።

ነጠላዋን ተከናንባ ገባች። ሕንፃው ከውጭ ሲያዩት እንደ አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። ውስጡ ግን የሚከልል ግድግዳ ስለሌለው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይታያል። ቀጫጭን ምሰሶዎች ወደ ላይ እየሳሱ ሄደው ጉልላቱ ሥር እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይገናኛሉ። ከመስኮቶቹ የወረደው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ተበትኗል። ቀና ብላ እያየች ስትራመድ እግሯ ሰው ነካ።

አግዳሚ ወንበሮቹ መሐል አንድ ወጣት በጀርባው ተንጋሏል።

«ይቅርታ፤ አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ» አለ ሳይነሳ። «ጉልላቱን እያየሁ ነው። ቆመው ሲያዩት አንገት ይጨርሳል።»

አምሳለ ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ጉልላቱ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ሲመጣባት ደንግጣ አፏን ያዘች።

ወጣቱ ሕዝቅኤል ይባላል። የእምድብር ልጅ ነው፣ ካቶሊክ፣ አርክቴክት። ጣሪያው ማፍሰስ ስለጀመረ ሊጠገን ነው፤ እሱም ከጥገናው በፊት ሕንፃውን እየለካ በንድፍ ያስቀምጣል። ተነስቶ አቧራውን አራገፈና ያስጎበኛት ጀመር። በግድግዳው ዙሪያ የጌታችን የመስቀል መንገድ በዐሥራ አራት ሥዕሎች ተሥሏል።

«ሁሉም የአንድ ሰው ሥራ ነው ይላሉ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ግን አላመንኩም። እስኪ እጆቹን እይ። እስከ ዘጠነኛው ድረስ ጣቶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ጣት ሁሉ ትንሽ ይታጠፋል፣ የሆነ ነገር ሊይዝ እንደፈለገ። ሠዓሊው ታሞ ይሆናል። የጨረሰው ሌላ ሰው ነው፤ ስሙ ግን የትም አልተጻፈም።»

አምሳለ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ምናልባት እንዲታወቅበት አልፈለገ ይሆናላ።»

«ይሆናል። እጁ ግን ተናገረበት።»

ስልኳ ጮኸ። «መርካቶ ነኝ አባዬ» አለች። ስትዘጋው ሕዝቅኤል እያያት ነበር። ምንም አልጠየቃትም፣ ዓይኑን ብቻ ወደ ወለሉ መለሰ።

በታክሲው ውስጥ ስለ እሱ ላለማሰብ ሞከረች። አስተያየቱ ደስ ይላል፤ የሚያስፈራትም ያው አስተያየቱ ነበር። ቤቷ ፈጽሞ መግባት የሌለበት ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ቀለም ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ስትመጣ መስታወቶቹን ያሳያታል፤ ጠዋት የትኛው እንደሚበራ፣ ከሰዓት የትኛው እንደሚደበዝዝ። እሷ ደግሞ ቀይ ከሰማያዊ አጠገብ ሲቀመጥ ለምን እንደሚሞቅ ትነግረዋለች፤ የሠዓሊው የአለቃ ገሠሠ ልጅ መሆኗንም ነግራዋለች። ብዙውን ጊዜ አንድ አግዳሚ ላይ፣ በመሐላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ዝምታ ቤቷ ውስጥ አልነበረም። የቤቷ ዝምታ እንደ ተቆለፈ በር የሚጠበቅ ነበር።

አንድ ቀን ሕዝቅኤል ከወትሮው ዘግይቶ መጣ።

«ጎፋ ነበርኩ» አላት። «የአባትሽን ሥዕሎች ለማየት ሄጄ።»

አምሳለ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«በአሮጌዎቹ ላይ ሁሉም ሰዎች ፊት ለፊት ነው የሚያዩት። በአዲሶቹ ላይ ግን ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ያያሉ።»

ይህን ራሷም አታውቀውም ነበር። እንባዋ መጣ። «ለማን ነገርክ?»

«ለማን ልንገር? አንቺን አየሁሽ እንጂ ሌላ ምን አየሁ።»

ያኔ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ብርሃኑ ከወለሉ ላይ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ነበር። በመሐላቸው የነበረውን ቦታ ማን እንደዘጋው አላወቁም።

«አግቢኝ» አላት። «እምድብር አካባቢ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖችን እንድለካ ሥራ ሰጥተውኛል። አብረን እንሂድ።»

«እኔ የሄድኩ ዕለት አባቴ ይታወራሉ» አለችው። «እስካሁን አልታወሩም፤ ይገባሃል? እኔ ስላለሁ ያያሉ።»

ሕዝቅኤል ብዙ አሰበ። «እንግዲያው ጎፋ እኖራለሁ። እየተመላለስኩ እሠራለሁ። ምስጢሩንም አብሬ እይዛለሁ።»

ሽማግሌ ላከ። አጎቱ አቶ መዝገቡ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር መጡ። አለቃ ገሠሠ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው አዳመጡና ቆፍጠን ብለው መለሱ።

«ልጄን ለካቶሊክ አልሰጥም። ይህ ቤት የተዋሕዶ ቤት ነው። ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ።»

አቶ መዝገቡ ፊታቸው ቀልቶ ወጡ። ሕዝቅኤል መንገድ ዳር፣ የጎረቤታቸው የሪሐና ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አምሳለ በመስኮት አየችው። አጎቱ ሲቆጡ ዝም ብሎ አዳመጠ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ ሄደ።

በቀጣዮቹ ቀናት አምሳለ ሸራው ፊት ትቀመጣለች፣ እጇ ግን እሺ አይላትም።

«ብሩሹ አይሰማኝም» አሉ አባቷ አንድ ከሰዓት።

«አልያዝኩትም።»

«ስለ ሃይማኖታችን ብዬ ነው እኮ ልጄ።»

«ሃይማኖቱ አይደለም አባዬ። ሁለታችንም እናውቃለን።»

አምሳለ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያልተባለውን ለመናገር ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እሱ ያውቃል።»

«ማን ነገረው?»

«ሥዕሉ። ሽማግሌ ሲልክ ያውቅ ነበር። እርስዎ ሲመልሷቸውም ያውቅ ነበር። ለአጎቱ እንኳን ትንፍሽ አላለም።»

አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«እኔ ያሰርኩሽ አይመስለኝም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አብረን የታሰርን ነበር የሚመስለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቋት። «ያ ልጅ የሚሠራበት ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ» አሏት።

በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። እጃቸው ትከሻዋ ላይ ነው። ባለቀለሙ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ቆም አሉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሕዝቅኤል ከመሰላሉ ላይ አይቷቸው ቀስ ብሎ ወረደ። የቤተ ክርስቲያኗ አገልጋይ አባ ሚሳኤል ደግሞ የመጡ ጎብኚዎችን ያስጎበኙ ነበርና አለቃን አወቋቸው።

«አለቃ ገሠሠ! ትልቅ ሠዓሊ እኮ ነው የመጣልን» አሉ ለጎብኚዎቹ። ወደ ግድግዳው እየጠቆሙም «እስኪ ከሙያው ሰው እንስማ። እነዚህን ሥዕሎች እንዴት ያዩዋቸዋል?»

ሰው ሁሉ ጠበቀ። በትከሻዋ ላይ ያሉት የአባቷ ጣቶች አጥብቀው ሲይዟት አምሳለ ተሰማት። ሕዝቅኤል በፍጥነት መሐል ገባ።

«አለቃ ደክሟቸዋል አባ። መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»

«ተው ልጄ» አሉት አለቃ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይደብቁ፣ «አላይም አባቴ። ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል። የምትሥለው ልጄ ናት። የእኔ የተባሉትን አዲሶቹን ሁሉ የሣለቻቸው እሷ ናት» አሉ።

አምሳለ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ቀድመው እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ አንስተው ነበር። በአየር ላይ ትንሽ ዳበሱ። ሕዝቅኤል ክንዱን ሰጣቸውና ያዙት።

ወሬው ከእነሱ በፊት ጎፋ ደረሰ። የደብሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዳንዱ «ተታለልን» አለ፣ አንዳንዱ አዘነ። የተለጠፉት ሥዕሎች እንዳሉ ቀሩ፣ የተጀመረው ሥራ ግን ለሌላ ሠዓሊ ተሰጠ። አለቃ ለቀናት ከክፍላቸው አልወጡም። ሲወጡ ነጭ ዘንግ ይዘው ነበር። እየመቱ፣ ብቻቸውን፣ ሪሐና ሱቅ ድረስ ሄደው ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ አቶ መዝገቡ ቅር እንዳላቸው ነበር። አለቃ ተነስተው ይቅርታ ጠየቋቸው።

«በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ልመርቃቸው አልችልም» አሉ። «ያን አልዋሽም። በቤቴ ግን እመርቃቸዋለሁ።»

አምሳለና ሕዝቅኤል ክፍለ ከተማው ሄደው የጋብቻ ውል ተፈራረሙ። የአምሳለ የነፍስ አባት አልመጡም፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ያማታል። አባቷ ግን ቤታቸው ውስጥ ሁለቱንም አንበርክከው፣ የሁለቱንም ጭንቅላት ዳብሰው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ መረቁ።

ከሠርጉ በኋላ ሕዝቅኤል ወደ እምድብር የሚሄድበት ቀን ደረሰ። አምሳለ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ሦስቴ አስገብታ ሦስቴ አወጣች። በመጨረሻ ሻንጣውን የዘጉላት አባቷ ናቸው።

«ሪሐና ምሳዬን አመጣለሁ ብላለች» አሏት። «ሂጂ። ስትመጪ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።»

እምድብር የደረሱት ዝናብ ካባራ በኋላ ነው። ከእንሰት ጓሮዎቹ ባሻገር አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ሕዝቅኤል ሜትሩንና ወረቀቱን አወጣ።

«ከየት እንጀምር?» አላት።

አምሳለ ሕንፃውን አንድ ጊዜ ዞረችው። እርጥቡ ሣር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

«ነገ እንጀምራለን» አለችው። «ዛሬ ዝም ብለን እንየው።»