በጓንት ንካው

«ዕቃው የታለ?»

«ሽሮው ሥር።»

ታክሲው ከቂሊንጦ ወደ ቱሉ ዲምቱ ይከንፋል። ሚጥሚጣ የምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ከላይ ሽሮ ፍርፍር፣ ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም የሥራ ጓንት። የፋብሪካው በር ላይ ፈታሾቹ ክዳኑን ከፍተው፣ ሽሮውን አሽትተው አልፈዋታል። አጠገቧ የተቀመጠው አለቃዋ ነው፤ የምስጢር ስሙ ጎማ። ስሙን ያወጣለት ሰው ሆዱን አይቶ መሆን አለበት።

መድኃኒት ማሸጊያው ውስጥ ሚጥሚጣ የሚባል ሰው የለም። እዚያ ጋዲሴ ናት፤ ካርቶን አሻጊ። ፋብሪካው ካርቶን የሚቆጥር አዲስ የእጅ ኮምፒውተር እየሞከረ ነው። ሚጥሚጣን ያስገባት የማሽኑ አስመጪ ተፎካካሪ ነው፤ የማሽኑን ጉድ ለሞቲ እንድታሳይለት ይፈልጋል።

ሞቲ አዲስ ዕቃ እየገመገመ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ልጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፈሥላሴ ሞቲ «ያበደ ነው» ያለውን ይገዛሉ፣ «ይለፋችሁ» ያለውን ይተዋሉ። ሠራተኛ ጠይቀው አያውቁም።

ቢጠይቁማ ካርቶን ቆጣሪዋ ፈለቀች ትነግራቸው ነበር። ማሽኑ በጓንት ሲነኩት ድንጋይ ነው። ጓንት ማውለቅ ደግሞ ክልክል። ያልተቆጠረ ካርቶን ሁሉ በፈለቀች ላይ ይላከካል፤ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። ሦስተኛው ስንብት ነው። ሚጥሚጣን ሥራ ያስተማረቻት፣ ምሳ የምትጎራረሳት እሷ ናት። ጓንቱም የእሷ ነው፤ አውራ ጣቱ በቀይ ክር የተሰፋ።

«ስጪኝና ወርደሽ ሂጂ» አለ ጎማ።

«ለሞቲ አይደል እንዴ?»

«ቀርቷል። አስመጪዎቹ ታርቀዋል፤ ማሽኑን አብረው ነው የሚሸጡት።»

«ፈለቀችስ?»

«ፈለቀች ደሞ ማናት?»

እሷንም ፈለቀችንም ሸጠዋቸዋል።

ሚጥሚጣ ክዳኑን ከፈተች። ጓንቱን መዘዘች። ፍርፍሩን ጎማ ጭን ላይ ገለበጠችው።

«ወራጅ አለ።»

ጎማ ሱሪውን ሲያራግፍ እሷ አስፋልቱን ተሻግራለች። ከኋላዋ የሚሮጥ ጫማ ሰማች።

አልዞረችም።

ሞቲ ማዶ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ማሽኑን ካሜራ ፊት ያሽከረክራል። «ወገን፣ ስክሪኑ ያበደ ነው።»

ከጎን አንድ ጓንት ያጠለቀ እጅ ገባ። «በጓንት ንካው።»

«ማናት ይቺ?»

«ፋብሪካ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣ የሚሠራ የለም። ንካው።»

እጇ ራሱ ነካው። ማሽኑ ዝም። ደገመች። ዝም።

ሞቲ ካሜራውን አየ፣ ማሽኑን አየ። «ኧረ ይለፋችሁ» አለ።

ጎማ በረንዳው ሥር ቆሞ ነበር። ካሜራው እንዳይቀርጸው ግን ወደ ላይ አልወጣም።

በማግስቱ ስልኳ ጠራ። ፈለቀች ናት። «ጋዲሴ፣ ግዢው ቀረ አሉ። ግን ቪዲዮው ላይ ቀዩን ክሬን አይተውታል። የጓንቱ ሌባ አንቺ ነሽ እያሉኝ ነው።»

ሰላይ በዚህ ጊዜ ሲሙን ሰብሮ ይጠፋል።

ሚጥሚጣ ቂሊንጦ ተመለሰች።

«ጓንቱን የሰረቅኩት እኔ ነኝ» አለች አቶ ሰይፈሥላሴ ፊት ቆማ። «ለስለላ ነው የገባሁት። እሷ አታውቅም።»

«ፖሊስ ልጥራብሽ?» አሉ። ቀጥለው ግንባራቸውን አሹ። «ሞቲ ከሰማ ደግሞ ቪዲዮ ይሠራብኛል። ጥፊልኝ። ፈለቀች፣ ወደ ሥራሽ።»

ፈለቀች ጓንቷን ተቀበለች። «ስምሽ ራሱ ጋዲሴ አይደለም አይደል?»

«አይደለም።»

«ስታጎርሺኝ የነበረውስ እጅ የማን ነው?»

ፈለቀች ጓንቷን አጥልቃ ገባች።

የኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ላይ ጎኗ የተቀመጠች ሴትዮ ቪዲዮውን እየደጋገመች ትስቃለች።

«ይቺ ደፋር እጅ የማን ትሆን?»

ሚጥሚጣ እጇን ኪሷ ከተተች።

«እኔ እንጃ» አለች።