የጤና አዳሟ ቢራቢሮ

«አትንቀሳቀስ!»

ለባሌ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ያኔ ግን ባሌ አልነበረም፤ በተራራማዋ የአብሃ ከተማ የማክሰኞ ገበያ መሃል ማር ሲያማርጥ ያገኘሁት የማላውቀው ሰው ነበር።

ሰውየው የማር ጣሳውን እንደያዘ ባለበት ደርቆ ቀረ። እንደ ተራራ ሰዎች ሁሉ ራሱ ላይ የአበባ ጉንጉን አድርጓል። በሶብላ አለው፣ ቢጫ አበባ አለው፣ ዙሪያውን ደግሞ ጤና አዳም ተሰክቶበታል። ጤና አዳሙ ላይ አንድ አረንጓዴ አባጨጓሬ ተዝናንቶ ቁርሱን ይበላል።

«ጊንጥ ነው?» አለኝ ከንፈሩን ሳያላውስ።

«አይደለም።»

«እባብ?»

«ዝም በል፣ ይወድቅብኛል!»

እጄን ሰድጄ አባጨጓሬውን ከነቅጠሉ ቀነጠስኩና ብልቃጤ ውስጥ ከተትኩት። በሶብላ የምትሸጠው አሮጊት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ልጄ፣ ወንድ በዓይን ይታያል እንጂ በእጅ ይነካል እንዴ?»

ፊቴ ጋለ። እሱ ግን የተበታተነ ጉንጉኑን እያስተካከለ ፈገግ አለ። እንዲያው ምን ልበላችሁ... ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

«ጭንቅላቴን የዘረፈኝን ሰው ስም ማወቅ አይገባኝም?»

«ራፍዓ። ያንተስ?»

«ሙፍሪህ።»

«ሙፍሪህ፣ ይህን ጤና አዳም ከየት ቀጠፍከው?»

«ሰውዳ ተራራ ላይ፣ ከቤቴ በላይ ካለው ገደል።»

«ሽታው ግሩም ነው። እኛ ሸለቆ እንዲህ ያለ አይበቅልም» አልኩት፤ ብልቃጤን ይዤ ሄድኩ።

እኔ የሪጃል አልማዕ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከተራራው ግርጌ፣ ሙቁ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሰው ግትር ናት ይለኛል፤ ልክ ነው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዬን እሠራ ነበር። ጥናቴም ስለ አንዲት ቢጫና ጥቁር፣ ክንፏ ጭራ ያለው ቢራቢሮ ነው፤ አባጨጓሬዋ ጤና አዳም እየበላ ያድጋል። በተራሮቻችን ላይ የት ትኖራለች? የትስ አትኖርም? ያየኋት ቦታ ሁሉ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። ከእኔ በፊት የተሠሩ ካርታዎች ሁሉ ነጥባቸው ከፍታው ላይ ነው፤ ጥዱ ባለበት፣ ጉም በማይለየው ሸንተረር ላይ። ወደ ሸለቆ የወረደች አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም።

አንድ ቀን አማካሪዬ ዶክተር ሸሪፋ ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ካርታሽን የሚሠራልሽ የጂኦግራፊ መምህር አግኝቻለሁ። ተዋወቁ» አለችኝ።

ዞር ስል እሱ ቆሟል።

«አትንቀሳቀሺ!» አለኝ።

ዶክተር ሸሪፋ ያበድን መስሏት አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

አብረን ሠራን። እኔ አያለሁ፣ እሱ ነጥቡን ይጥላል። ከዶክተር ሸሪፋና ከተማሪዎቿ ጋር ሸንተረሩን ስንወጣ ስንወርድ ክረምቱ አለፈ። እሱ እንደኔ አይጮህም። ሲናደድ ዝም ይላል፣ ሲደሰት ደግሞ ያፏጫል። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ፎጣውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና «እዚህ ጋ የሰው ፎጣ ወድቋል» ይላል። ወደድኩት። በቃ! ምኑን ልሸፋፍነው? ግን ወንድ ነውና ይቅደም ብዬ ጠበቅኩ። እሱም ስለ ፍቅር ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ፀደዩ ገባ። አንድ ጠዋት ወደ ግቢያችን ስወጣ ያቺው ባለጭራ ቢራቢሮዬ የእናቴ በሶብላ ላይ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች!

ጮህኩ። ቤተሰቡ ሁሉ በባዶ እግሩ ወጣ። በማግስቱ ሌላ መጣች፣ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። እንግዲህ አስቡት፤ ቢራቢሮዋ እኛም ጋ ትኖራለች! የቀድሞዎቹን ካርታዎች ሁሉ የምታስተካክል አንዲት ነጥብ፣ ያውም በገዛ ግቢዬ! ጥናቴን በሙሉ እንደገና ጻፍኩት፤ ሁሉንም በዚያች ነጥብ ላይ አቆምኩት። ፎቶዎቼን ይዤ ወደ ሙፍሪህ በረርኩ።

ፎቶዎቹን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህ የት ነው?»

«ቤታችን! ከግንቡ ሥር! በል፣ ነጥቧን ጣልልኝ!»

ፎቶዎቹን መልሶ ሰጠኝ።

«ይቺን ነጥብ አልጥላትም።»

«ምን ማለት ነው አልጥላትም?»

«ስህተት ናት፣ ራፍዓ።»

«በዓይኔ አይቻታለሁ እኮ!»

«ማየትሽን አልካድኩም። እንቁላል ግን አግኝተሻል? ከሸለቆው ጤና አዳም ላይ አንድ አባጨጓሬ ለቅመሻል?»

«ገና ነው። አገኛለሁ።»

«አታገኚም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

አንገቱን ደፋ። «ልነግርሽ አልችልም። እመኚኝ ብቻ...»

እመኚኝ! ምክንያት የሌለው እመኚኝ! ደሜ ፈላ።

«እናንተ የተራራ ሰዎች መቼም! ዝናቡ የናንተ፣ ጉሙ የናንተ፣ ማሩ የናንተ! አሁን ደግሞ ቢራቢሮዋ ወደኛ ብትወርድ አመማችሁ?»

«ራፍዓ...»

«ካርታውን አምጣ። ራሴ እጥላታለሁ።»

በቀይ ጣልኳት፣ ከሌሎቹም አተለቅኳት። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ የነጥቧ ነገር አልነበረም። የምወደው ሰው በሥራዬ ላይ ቀናብኝ ብዬ ነው።

ጥናቴን በፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን ደረሰ። ነጥቧ ከቆመች ስሜ ይቆማል። ፈታኞቹ ፊት ከወደቀች ደግሞ የገዛ ግቢዋን ማየት ያቃታት ተመራማሪ ተብዬ ልቀር ነው። ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ወይም የነበረኝ አልመሰለኝም።

በዋዜማው ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሙፍሪህ ነው፤ አጎቱን አስከትሎ መጥቷል። አባቴና ወንድሜ ያህያ ተቀብለው አስቀመጧቸው፣ ሻይ ቀረበ። እኔና እናቴ ከጎን ካለው ክፍል ሆነን በተከፈተው በር እናያቸዋለን።

ሙፍሪህ ሻዩን አልነካም። በእኛ አገር ሻይ ሳይነኩ መናገር የከበደ ጉዳይ አለኝ ማለት ነው።

«አቡ ያህያ፣ አጥፍቼ መጥቻለሁ» አለ አባቴን፣ በልጃቸው ስም ጠርቶ። «በየሳምንቱ ግንብዎ ላይ ጤና አዳም ሳስቀምጥ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ያህያ ሻዩን አስቀመጠ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ የምትገዢው?»

«እኔማ አንተ የምታመጣው መስሎኝ!» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ታዲያ አትጠይቂኝም ነበር?»

«በር ላይ የሚሰቀል ጤና አዳም ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?!»

እውነቷን ነው። እኛ ቤት አይጠየቅም። የወንድሜ የያህያ ሚስት ከወለደች ጀምሮ እናቴ ሕፃኑን ከሰው ዓይን እንዲጠብቅ በየበሩና በየመስኮቱ ጤና አዳም ትሰቅል ነበር። የጠየቀ ኃይሉን አከሸፈው ይባላል። ስለዚህ እሷ አባቴ ያመጡት፣ አባቴ እሷ የገዛችው፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸው እያልን ማንም ሳይጠይቅ ወራቱ አለፈ። የቢራቢሮ ተመራማሪዋም ጭምር!

ያህያ ብድግ አለ። «በእህቴ ግንብ ላይ? አንተ ማን ነህና?»

«ተቀመጥ» አሉት አባቴ። ከዚያ ወደ ሙፍሪህ። «ለምን አደረግከው?»

«ገበያ ላይ... የተራራውን ጤና አዳም ሽታ እንደምትወደው ስትናገር ሰማኋት። አብረን መሥራት ስንጀምር ቤትዎን አወቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሳላደርስላት ማደር አቃተኝ።» ወደ አባቴ ቀና አለ። «አባጨጓሬዎቹ ከእኔ ቅጠል ጋር ነው የወረዱት። ግንቡ ላይ ተጠቅልለው ከረሙ፣ በፀደይ ፈለቁ። ነገ በእኔ ጥፋት ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብዬ መጣሁ።»

«ስሟ በሰው አፍ እንደሚገባ አላሰብክም?»

«እሱን አስቤ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። አሁን ግን ዝምታዬ የባሰ ሊጎዳት ነው።»

«ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው በደህና ግቡ።»

ሻያቸው ቀዝቅዞ እንደቀረበ ቀረ፤ ሁለቱም ወጡ።

ወደ ግቢው ሮጥኩ። ግንቡን በእጄ ዳበስኩት። በድንጋዮቹ መሃል፣ እናቴ ጤና አዳም ከሰቀለችበት ሥር፣ ቢራቢሮዎቹ የወጡባቸው ባዶ ቅርፊቶች ተጣብቀዋል። ከዚያ ራቅ ብዬ ብፈልግ አንድም የለም። ነጥቤ ሞተች። የዓመት ድካሜ እጄ ላይ አመድ ሆነ። እኔ ደግሞ፣ አታምኑኝም፣ ግንቡን ተደግፌ እሥቅ ጀመር! ዕንባዬ እየወረደ እሥቃለሁ። በየሳምንቱ ያንን ገደል የወረደው ለእኔ ነው... ለእኔ!

እናቴ አጠገቤ መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እውነቱን እናገራለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«አባትሽም አዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ እኮ!»

«ይስሙ።»

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል። አባቴና ያህያ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሙፍሪህ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ከእነሱ ዓይን የሸሸ ይመስላል። ካርታዬ ግድግዳው ላይ በራ። ቀይዋ ነጥብ ከሁሉም በላይ ታበራለች።

«ከመጀመሬ በፊት» አልኩ፣ «ይህቺ ነጥብ ስህተት ናት። ቢራቢሮዋ ሸለቆ ውስጥ አትኖርም። ከተራራ በመጣ ጤና አዳም ላይ ሆና በሰው እጅ ነው የወረደችው። የጻፍኩትን መደምደሚያ ዛሬ በፊታችሁ እሰርዘዋለሁ።»

ጉምጉምታ ሆነ። ከሪያድ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው።

«በሰው እጅ መምጣቷን በምን አረጋገጥሽ?»

«ያመጣው ሰው ነገረኝ። ቅርፊቶቹንም ራሴ ግንቡ ላይ አገኘኋቸው።»

«ሰውየው ነጋዴ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ጤና አዳም ተሸክሞ የሚወርደው ለምንድን ነው? ምክንያት የሌለው ምስክርነት አልቀበልም።»

አባቴን አየሁ። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆሟል።

«ስለሚወደኝ ነው» አልኩ።

ፈታኙ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እኔም እወደዋለሁ። ስለዚህ ምስክርነቱን ሲመዝኑ ይህንንም አብረው ይመዝኑልኝ።»

ዶክተር ሸሪፋ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። ያህያ ግንባሩን ያዘ። ፈታኙ ሳሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ እንደገና ሳሉ።

«በሰላሳ ዓመት የማስተማር ሥራዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለ የማስረጃ ምንጭ ቀርቦልኝ አያውቅም።»

አለፍኩ። መደምደሚያውን እንደገና ጻፊ ተብዬ ነው፤ ቢሆንም አለፍኩ። ስወጣ ሙፍሪህ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ነጥብሽን አጠፋሁብሽ።»

«አጠፋህብኝ።»

«በምን ልካስሽ?»

«ሽማግሌ ላክ! ደግሞ ቶሎ!»

ከአባቴ ጋር በመኪና ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ መንገዱ ከሚያልፍባቸው ዋሻዎች የመጨረሻው ጋ ደረስን። አባቴ ድንገት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ልጅ...»

«አቤት አባ?»

«የመኪናው ፍሬን ደህና ነው?»

«ለምን አባ?»

«በየሳምንቱ በዚህ መንገድ ሲወርድ ኖሮ ብዬ ነው።»

መስኮቱን ከፍቼ አለቀስኩ። እሳቸውም ያላዩ መስለው ነዱ።

ዓርብ ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሥጋው ተበላ፣ አሪካ የምንለው የቂጣ ፍትፍት በማርና በቅቤ ቀረበ፤ በዚህኛው ቀን ሻዩም ተጠጣ። የሙፍሪህ አጎት ልመናቸውን አድርሰው ሲጨርሱ እንደ ወጉ ጨመሩ።

«እንግዲህ ልጅቷም ትጠየቅ፤ ፈቃዷን እንስማ።»

አባቴ ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሳቸውን አየሁት።

«ማንን ነው የምንጠይቀው? ልጄ በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት መልሳ ጨርሳለች። የዘገየነው እኛ ነን!»

የእናቴ እልልታ ግቢውን ሞላው።