አንድ ረጅም እርምጃ

የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያው አለቃ ከተበጠሰው ሽቦ ሁለት ሜትር ርቆ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ዘበኛ እጃቸው በካቴና ታስሮ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ነገሩ ዛሬ ካልጠራ እስር ቤት መውረዳቸው ነው።

«ዘበኛውን ኃይሉን እንዲያጠፋ ላክሁት፤ ደንግጦ ቆሞ ቀረ» አለ ምክትል አለቃው። «አለቃዬ ሲወድቅ ኃይሉ እንዳለ ሮጬ ደረስኩለት። አልነሳ ሲለኝ ነው ሄጄ ያጠፋሁት።»

«ማንም አልላከኝም ልጄ» አሉ ዘበኛው። «በር ላይ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ሰው ሲያወራ መሬት መሬት ታያለች፤ ብዙዎች ዓይን አፋር ትመስላቸዋለች። ጭቃውን ስታጠና ቆይታ ሦስቱንም ጠራች፦ ምክትሉን፣ ዘበኛውንና የሟቹን ሚስት።

«የወደቀ ሽቦ መሬቱን ቮልቴጅ ያሸክመዋል» አለች። «ሽቦው ጋ ከፍተኛ ነው፤ ሲርቁ ይወርዳል። የሚገድለው ግን ከፍታው ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ሽቦው አጠገብ በአንድ ሜትር ውስጥ እንደ ገደል ይወርዳል፤ የኤሌክትሪክ መስኩ የሚበረታው እዚያ ነው። እግርህን ገጥመህ ከተጎተትክ በሁለቱ እግሮችህ መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ነው። ካራራቅህ ግን ኤሌክትሪኩ በገላህ ያልፋል።»

«እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል» አለ ምክትሉ።

«አለቃህም ያውቅ ነበር። ዱካው ይኸው፤ እግር ለእግር እየተጎተተ መጥቶ ድንገት አንድ ረጅም እርምጃ ተራመደ። ኃይሉ ጠፍቷል ያለው ሰው አለ።»

መርማሪዋ ወደ ሌላው ዱካ ጠቆመች።

«የአንተ ደግሞ ሰፋፊ የሩጫ ዱካ ነው፤ እስከ ሬሳው ድረስ። ኃይሉ እንዳለ ሮጠህ ቢሆን አጠገቡ ትወድቅ ነበር። መጀመሪያ አጥፍተህ፣ ከዚያ ሮጠሃል። ታዲያ ጠፍቷል ብሎ የጠራው ማን ነው?»

«ሽቦውን ሳልፈትሽ ፈትሻለሁ ብዬ ፈርሜ ነበር» አለ ምክትሉ። «አለቃዬ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው እንደሚናገር ነገረኝ። ‹አጥፍቻለሁ፣ ና› አልኩት። አመነኝ።»

መርማሪዋ የዘበኛውን ካቴና ፈታች። ሽማግሌው እጃቸውን እያሻሹ እንባቸው መጣ።

የሟቹ ሚስት ምክትሉን ትክ ብላ አየችው።

«ጠዋት ሲወጣ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር» አለችው። «‹ልጆች አሉት፤ ሽቦውን አብረን እንፈትሸዋለን› ብሎኝ ነው የወጣው።»