ሥዕሉን ያሠራው

«ክቡራትና ክቡራን የደባርቅ ከተማ ነዋሪዎች! በአሮጌው ዱቄት ፋብሪካ ግድግዳ ላይ የተቀባው ቀለም ገና ስላልደረቀ ማንም ሰው እንዳይደገፍ፣ በቅሎም እንዳያስር በጥብቅ እናሳስባለን!»

ድምፅ ማጉያ የጫነው ባጃጅ አዋጁን እያሰማ አለፈ። መንገደኞች ሰሙ። አንዳንዶቹም እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ግድግዳውን በጣታቸው ነኩ።

ስሜነህ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆሟል። ለጠየቀው ሁሉ የከተማዋን የግድግዳ ሥዕሎች ለመጽሐፍ የሚያነሳ ፎቶግራፈር ነው። መፍጨት ካቆመ የቆየው ፋብሪካ ታድሶ ሱቅና ወርክሾፕ ሆኗል። ግንቡ ሁሉ ጭላዳና ዋልያ ለብሷል፤ ቱሪስት ይመጣል ተብሎ። እስካሁን የመጣው ስሜነህ ብቻ ነው።

እሱም ስሜነህ አይደለም፤ የቅርስ ስርቆት የሚከታተል ሰላይ ነው።

የምስጢር ስሙ «ጽድ» ነው። የሚጠብቃት ሴት «ቀጋ»። ሁለቱንም የሚያዘው ሰው «ዝግባ»። ስሞቹን ያወጣው ዝግባ ነው፤ ትልቁን ዛፍ ለራሱ አስቀረ።

ቀጋ በግቢው ጨርቅ የምትነግደው ዘይቱና ናት። ቀለም ጭኖ የሚገባው አይሱዙ ሲወጣ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ከገዳማት የተሰረቀ ብራና ይዞ ወደ አዲ አርቃይ እንደሚወርድ አይታለች። በስልኳ ቀርጻለች። የቀረው የአይሱዙው ጌታ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ቀለሙን በስውር የሚገዛው ሰው እሱ ነው። የእሷ ስም ከወጣ ግን የአይሱዙው ሰዎች አያሳድሯትም። ዝግባ እንኳ ከቅጽል ስሟ በቀር አያውቃትም። በዚያ ተስማምታ ነው የገባችው።

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ መጣች። ፌስታሏ አመለጣት። ሎሚ ተበተነ።

«ልልቀምልሽ እህቴ።»

«ፎቶህን አበላሸሁብህ።»

«ግድግዳው የት ይሄዳል?»

ጎንበስ አሉ። ሚሞሪ ካርዱ መዳፉ ውስጥ ገባ።

ነጭ ፒካፕ ከጥግ ብቅ አለ።

ስሜነህ ኮፍያውን አወለቀ። አደጋ ማለት ነው።

«እዚህ እንደምንገናኝ ለማን ነገርክ?» አለችው፣ ሎሚ እየለቀመች።

«ለአንድ ሰው ብቻ።»

«አንድ ሰውማ ብዙ ነው!»

ሄደች። ከፒካፑ የወረደው ሰው ስልኩን አውጥቶ ጀርባዋን ፎቶ አነሳ። ከዚያ ወደ ስሜነህ ዞሮ ፈገግ አለ፤ እንደ ሙያ ባልደረባ።

ከሰዓት ዝግባ ደወለ።

«ዕቃው?»

«ደርሶኛል።»

«ስሟን ስጠኝ። ከለላ ላድርግላት።»

የመገናኛውን ቦታ የሚያውቀው ዝግባ ብቻ ነበር። ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም፤ አዲስ አበባ ያሉት አለቆች ዝግባን ያምኑታል።

«ነገ ከሥዕሉ ምረቃ በኋላ።»

«በምረቃው ላይ» አለና ዘጋው።

ስሜነህ ጨርቅ የሚገዛ መስሎ የዘይቱና ሱቅ ገባ። «ዛሬውኑ ውጪ።»

«የፒካፑ ሰዎች መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። ሱቄን ከዘጋሁ ራሴን አጋለጥኩ። ከከፈትኩ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።» ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ።»

ከዚያ ወደ ሠዓሊው ሄደ። አለቃ ገብረ ክርስቶስ ዕድሜ ልካቸውን ቤተ ክርስቲያን የሣሉ ሽማግሌ ናቸው። ነገ የሚመረቀውን ሥዕል ከሸፈነው ሸራ ሥር ተንበርክከው ታችኛውን ጥግ እየቀቡ ነበር።

«አለቃ፣ ይህን ሁሉ ቀለም የሚገዛልዎት ማን ነው?»

«እሱን ተወኝ ልጄ። ስሜ አይነሳ ብለውኛል። ቀኛቸው የሰጠውን ግራቸው አያውቅም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው!»

«ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ…»

«ለፎቶ አንሺ የተነገረ ለአገር ተነገረ» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። ከክብር እንግዶቹ አንዱ ዳባት የሚኖሩት የቀድሞ የቱሪዝም ሠራተኛ ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፤ ግራጫ ሱፍ፣ መነጽር፣ ለሁሉም አንገት ሰበር። በሰው ፊት ፎቶግራፈሩን ጨርሶ አያውቁትም።

ዝግባ እሳቸው ናቸው።

ጎኑ መጥተው ቆሙ። ዓይናቸው ሸራው ላይ ነው።

«ስሟን።»

«ፕሮግራሙ ይለቅ።»

«አሁን። አለበለዚያ እዚህ ግቢ ያለችውን ሴት ሁሉ ለቅሜ እጠይቃለሁ።»

የፒካፑ ሰዎች በሱቆቹ ደጃፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ስልኩን ያያል። ዘይቱና በሯ ላይ ቆማ ጨርቅ ታጥፋለች። ያንኑ ጨርቅ ደጋግማ ታጥፋለች።

ስሜነህ አፉን ከፈተ። የሐሰት ስም ሊሰጥ ነበር። የማንን? የትኛዋን ሴት?

ሸራው ወረደ።

ተራራው፣ ገደሉ፣ ጭላዳው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከታች ጥጉ ላይ ግን ግራጫ ሱፍ የለበሰ ባለመነጽር ሰው እጁን ዘርግቶ በደረቱ ተደፍቷል። ከጎኑ አይሱዙ ቆሟል፤ ከነታርጋው። በላዩ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦

«ይህን ሥዕል ያሠራ ፍቅረ ሥላሴ። ቀለሙንም መኪናውንም የሰጠ።»

አለቃ ማይኩን ያዙ። «በእኛ ሥርዓት ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ እግር ሥር ይሣላል። ስሜ አይነሳ ሲሉኝ ትሕትናቸው ነው ብዬ ጨከንኩ። ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

እልልታው ቀለጠ። ዝግባም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ።

«ከሥዕልዎ ጋር ይቁሙ! የት አለ ፎቶ አንሺው?» አለ ሕዝቡ።

ዝግባን ገፋፍተው ከሥዕሉ ጎን አቆሙት። ስሜነህ ካሜራውን አነሳ። በሌንሱ ውስጥ ሁለት ፍቅረ ሥላሴዎች ያዩታል፤ የተደፋውና የቆመው።

«ቃለ አብ» አለ የቆመው። ስሜነህ በእናቱ ቤት የሚጠራበት ስም። በሕዝብ ፊት። «ቃለ አብ፣ ተው።»

አለቃ ግራ ተጋብተው ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ጋሼ» አለ ቃለ አብ፣ «ትንሽ ወደ መኪናው ጠጋ ይበሉ።»

አነሳው።

ምስሉ በሚሞሪ ካርዱ ካለው ጋር በኢንተርኔት፣ በዝግባ አናት አልፎ፣ አዲስ አበባ ደረሰ። የፒካፑ ሰዎች ታርጋውን አነበቡ፤ ተያዩ፤ ጌታቸውን ሳይጠሩ ወጥተው ነዱ። ከሰዓት በኋላ ከጎንደር የመጡት መርማሪዎች ጋሼን በክብር ይዘው ሄዱ፤ ሰው ሁሉ ሽልማት መስሎት ሸኛቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የጎንደሩ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጽድ የሚባል ሰው ከእንግዲህ የለም፤ እውነተኛ ስሙ ገበያ ወጥቷል። ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ አንድ ጥቅል ጨርቅ ይዛለች። ከሱቋ የተረፈው እሱ ነው። ፒካፑ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

«ሱቁ ውስጥ የቀረውስ ዕቃ?» አላት፣ መስኮቱን እያየ።

«ወንድም፣ እንተዋወቃለን?»

ዳባትን አለፉ።